እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ

ፋና ዓይኗን ስትገልጥ ከፊቷ ያየችው ጫማ ነበር። አራት አምስት ጥንድ ኮንጎ፣ አንድ ጭቃ የበላው ሸራ። እሷ ከዴስኩ ሥር ነበረች፤ ጉልበቷን አጥፋ፣ በሁለት መዳፏ ጆሮዋን ደፍና። እንዴት እዚያ እንደገባች አታውቅም። ከላይ የቆርቆሮው ጣራ በዝናብ ይንጫጫል።

«መብረቋ ገባች!» አለ ኢያቄም ከኋላ ወንበር። ክፍሉ በሳቅ አወካ።

የመጋቢት መጀመሪያ ነው፤ በልጉ ገና መግባቱ። ሰማዩ ያጉረመረመው አንዴ ብቻ ነበር፤ ያውም ከሩቅ፣ ከተራራው ማዶ። ከስምንተኛ «ለ» ተማሪዎች አብዛኞቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩም።

ፋና ከዴስኩ ሥር ወጣች። የቀሚሷን አቧራ አራገፈች። ከመቀመጧ በፊት ዞር ብላ ኢያቄምን አየችው።

«ሙድ መያዝህን ጨረስክ? ከጨረስክ ቲቸር ያስተምሩበት።» ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞረች። «ቲቸር፣ ጥያቄውን ይድገሙልኝ።»

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እጆቿን ግን ከጭኗ በታች ቀብራቸዋለች።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ የሳይንስ መምህሩ መምህር ይታገሱ አስቀሯት።

«ይኼ ስንተኛሽ ነው?»

«አልቆጠርኩም።»

«እኔ ቆጥሬያለሁ። አራት። አንዴ ብየዳ ቤቱ በር ላይ፣ አንዴ ቱሪስቱ ካሜራ ሲያበራ፣ ሁለት ጊዜ እዚህ።» አንዲት ብጣሽ ወረቀት ሰጧት። «ጤና ጣቢያ ሲስተር የሻረግ የምትባል ነርስ አለች። የአእምሮ ሕክምና ነው የተማረችው። ሐሙስ ከሰዓት ሂጂ።»

«እኔ እብድ አይደለሁም።»

«እብድ ነሽ ያለሽ የለም። ጆሮሽን ሲያምሽ ሐኪም አላየልሽም?»

«አይቶ ምን አመጣ? አሁንም ይጮሃል» አለችና ወጣች። ወረቀቱን ግን አልጣለችውም።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ፋናና ጓደኛዋ ሰብሌ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መብረቅ ወደቀባቸው። የሁለቱም ቤት ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በታች ባለው መንደር ነው፤ ከላሊበላ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ። ከአንደኛ ክፍል ጀምረው አብረው ተመላልሰውበታል። ያን ቀን ግን ወደ ቤቷ የተመለሰችው አንዷ ናት፤ እሷም በሰው ሸክም። ሰብሌ እዚያው ቀረች። ፋና ውስጥ እግሯ ተቃጥሎ፣ የግራ ጆሮዋ ደንቁሮ ተረፈች። እግሯ ድኗል። ጆሮዋ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ጣሳ የሚመታ ሰው አለ።

ሁሉም ሰው «ንገሪን» ይላት ነበር። ለቅሶ የመጣው፣ ገበያ ላይ ያገኛት፣ ፖሊሱ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ። «እንዴት ሆነ? ምን ትመስል ነበር?» ፋና ለሁሉም አንድ መልስ ነበራት፤ «አላስታውስም።» የማታስታውሰው ነገር አልነበረም።

እሷ ዝም ስትል ሌላው ተናገረ። ሰብሌ ያን ቀን ቀይ ሹራብ ለብሳ ነበር፤ ቀይ መብረቅ ይጠራል ተባለ። ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ጾም ገድፋ ነው ተባለ። በመጨረሻ ነገሩ እንዳለቀለት ሆኖ ተወራ፤ እግዜር የቀጣት ሰብሌን ነው፣ ፋናን ግን ማራት። የሰብሌ እናት እትዬ ባንችይርጋ ከለቅሶው በኋላ ማኅበር መሄድ ተዉ። ፋናን መንገድ ላይ ሲያገኟት ይስሟታል፤ አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም።

የፋና እናት አሰለች በኅዳር ወር ልጇን ጠበል አስጠምቃታለች፤ ሰባት ቀን ሙሉ፣ በጠዋት። ውሃው አጥንት ይሰብራል። አጥማቂው «ማነህ? ተናገር!» ሲሏት ፋና ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ፋና ነኝ አባ፣ የአሰለች ልጅ» ብላ መለሰች። ሌላ የሚናገር አልተገኘም። እሳቸውም ሳቃቸውን ውጠው፣ «ይቺ ልጅ ደንግጣ ነው እንጂ ሌላ የለባትም፤ ሐኪምም አሳይዋት» ብለው ለእናቷ ነገሯት። አሰለች ግን የትኛው ሐኪም ድንጋጤ እንደሚያክም አታውቅም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ፋና ጤና ጣቢያ ሄደች። ክፍሉ በግቢው ጀርባ፣ አጎበር የታጨቀባቸው ካርቶኖች የተደረደሩበት ነው። ሲስተር የሻረግ ከሠላሳ ዓመት እምብዛም ያላለፈች ወጣት ናት፤ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ቀልቷል።

«የምነግርዎ ነገር የለም» አለች ፋና፣ ገና በሩ ላይ ቆማ።

«ጥሩ። ተቀመጪ። ደግሞ አንቺ በይኝ፣ ያን ያህል አላረጀሁም።»

«ለፖሊስ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።»

«ለእኔም አትንገሪኝ» አለች ሲስተር የሻረግ፣ አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች። «ካልፈለግሽ በዝርዝር ማውራት አይጠበቅብሽም። አንቺ በልብሽ ታይዋለሽ፣ እኔ ጣቴን አንቀሳቅሳለሁ፣ ዓይንሽ ጣቴን ይከተላል። በቃኝ ስትዪ እጅሽን ታነሻለሽ፤ እኔ አቆማለሁ።»

ፋና የመጣችው ልትከራከር ነበር። አሁን የምትከራከርበት ነገር ጠፋባት።

«ጣት?»

«ሁለት ጣት።»

«ድመት ነው እንዴ የሚያደርጉኝ?»

ነርሷ ሳቀችና ሳሏ መጣባት። «አዲስ አበባ ሥልጠና ላይ እኔም ያልኩት ይኼንኑ ነው። ለምን እንደሚሠራ ያወጡት ሰዎችም ገና ይከራከራሉ። ሰው ሲሻለው ግን አይቻለሁ።» ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «ስሚኝ ፋና። ሰማይ ሲያጉረመርም ያ ቀን ትዝ አይልሽም። እንደገና ነው የሚሆንብሽ። ልክ ነኝ?»

ፋና ከበሩ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሐሙሶች ስለ መብረቅ ምንም አልተነሣም። ሲስተር የሻረግ ልቧ የሚያርፍበትን ቦታ አስመረጠቻት፤ ፋና ብልባላ መንደር ያለውን የአክስቷን የባቄላ ማሳ መረጠች፣ ሲያብብ። ሲጨንቃት ወደዚያ መሄድን፣ ትንፋሿን መቁጠርን፣ እግሯ መሬት መርገጡን ልብ ማለትን ተለማመደች። «ይኼ ብቻ ከሆነ ቤቴም እተነፍሳለሁ» ብላ ስትቆጣ፣ ነርሷ «ቤትሽም ተንፍሺ» አለቻት።

በሦስተኛው ሐሙስ ፊት ለፊት፣ ትንሽ ወደ ጎን ብለው ተቀመጡ።

«ከዚያ ቀን በጣም የከፋውን አንድ ነገር ያዢ። አትንገሪኝ። ያዢው ብቻ። ከዜሮ እስከ ዐሥር ምን ያህል ይከብዳል?»

«ዐሥራ አንድ የለም?»

«እሺ፣ ዐሥር እንበለው። ያን ስታዪ ስለ ራስሽ ምን ትያለሽ?»

ፋና ካርቶኖቹን አየች። መስኮቱን አየች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሲስተር የሻረግ አልደነገጠችም፤ «አይደለም» ብላም አላባበለቻትም። ሁለት ጣቷን አንስታ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ማንቀሳቀስ ጀመረች። ፋና በዓይኗ ተከተለች።

መንገዱ መጣ። ከገዳሙ በላይ የጠቆረው ደመና። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች፣ እንደ ባቄላ የተለቁ። ሰብሌ ቀሚሷን ሰብስባ፣ «ዋሻው ድረስ እንሩጥ! ደርሰናል እኮ!» ትላለች። ፋና ደረቷ ላይ አዲስ ደብተሮቿን አቅፋለች፤ ገና ስም ብቻ የተጻፈባቸው። «አንቺ፣ ደብተሬ ይበሰብሳል! እዚህ እንቁም!» ትላለች። የሰብሌን እጅ ትይዛለች። ብቻውን ወደቆመው የጽድ ዛፍ ሥር ትጎትታታለች። ከዚያ ነጭ። ምንም የሌለበት ነጭ። ከዚያ ያ የቃጠሎ ሽታ።

ፋና እጇን አነሣች። ጣቶቹ ወዲያው ቆሙ።

«ተንፍሺ። እግርሽ የት ነው?»

«መሬት ላይ።» ጉንጯ ረጥቧል። «ድገሚ።» አንቺ ማለቷን ራሷም አላስተዋለችም።

ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ፤ ቆሙ፤ ነርሷ «ምን መጣ?» አለች፤ ፋና አንዳንዴ መለሰች፣ አንዳንዴ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ሽታው መጣ፣ ራቀ። የሰብሌ እጅ መጣ፤ ቀጭን፣ እርጥብ። ከዚያ ጨርሳ የረሳችው ነገር መጣ፦ ሰብሌ ከዛፉ ሥር ሆና ትስቅ ነበር። ከዚያ ያው ዛፍ፣ ባለፈው ዓመት፣ በሰኔ ዝናብ፤ ያኔ «እዚህ እንጠለል» ያለችው ሰብሌ ነበረች። ከዚያ አባቷ፣ እሷን ትንሽ ልጅ ሳለች በነጠላ ጠቅልሎ ዋርካ ሥር ሲያቆማት። ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ሥር መግባትን ያስተማራት እሱ ነው፤ እሱንም አባቱ። ያን መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ሥር ይገባል።

«ማንም አልነገረንም!» ብላ ጮኸች ፋና በድንገት። «ዛፍ ሥር አትቁሙ ያለን አንድም ሰው የለም! አንድም!»

«በዚያው ቀጥዪ» አለች ሲስተር የሻረግ፣ ጣቷን እንደገና እያነሣች።

ፋና አለቀሰች፤ እንደ ለቅሶው ቀን አይደለም፤ ይኼኛው ንዴት ነበረው። ሲጨርሱ ቁጥሩ ስድስት ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ አራት። ከፋሲካ በኋላ ሦስት ላይ ቆመና እምቢ አለ። «ሰብሌ እኮ ሞታለች፤ ዜሮ እንዲሆን አልፈልግም» ስትል ሲስተር የሻረግ አልገፋቻትም። ሰማዩ ሲያጉረመርም ልቧ አሁንም ይዘላል፣ የዴስኩን ጠርዝ አሁንም ጥፍሯ እስኪነጣ ትይዛለች። ዴስኩ ሥር ግን አልገባችም።

ሚያዝያ ላይ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መብረቅ ዛፍ የሚመታው ለምንድን ነው?»

መምህር ይታገሱ ጠመኔያቸውን አስቀመጡ።

«የዛሬው ርዕስ አይደለም፣ ፋና።»

«ርዕሱ የሚደርሰው መቼ ነው? ክረምቱ መጣ እኮ። ሁላችንም በእግራችን ነው የምንሄደው።»

መምህሩ ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጠፉና ሜዳ፣ ተራራ፣ በመሐሉም አንድ ዛፍ ሣሉ። ብቻውን የቆመ ረጅም ዛፍ ለምን መጀመሪያ እንደሚመታ፣ ሥሩ የቆመውን ሰው እንዴት እንደሚያገኘው፣ ቤት ወይም ጥልቅ ዋሻ ከቀረበ መሮጥ እንደሚሻል አስረዱ። ፋና «ዋሻ» የሚለውንም ጻፈችው፤ ከሥሩም አሰመረችበት።

«ቀይ ልብስስ?» ብሎ ጠየቀ ኢያቄም። የሹፈት ድምፅ አልነበረም።

«ለመብረቅ ቀይም ነጭም አንድ ነው።»

ግንቦት ሲገባ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፋና ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ነበረች። ከፊቷ ጎረቤታቸው እትዬ ይማርሽ ከሌላ ሴት ጋር ያወራሉ።

«ልጄን ቀይ ነገር አትልበሺ ብያታለሁ፤ ክረምት መጣ። የባንችይርጋን ልጅ አላየንም? ቀይ ለብሳ፣ በረቡዕ ምድር ጾም ገድፋ…»

«ጾም አልገደፈችም» አለች ፋና።

እትዬ ይማርሽ ዞሩ። «አንቺን ማን አናገረሽ ልጄ?»

«ምሳችን ሽሮ ነበር፤ ከአንድ ሳህን ነው የበላነው። እርስዎ እዚያ ነበሩ?»

«ኧረ ወዲያ! ለትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚመለሰው?»

«እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ሰብሌ ያጠፋችው ነገር የለም። የሞተ ሰው መልስ ስለማይሰጥ ነው እንዲህ የሚባለው።»

ውሃው ብቻ ጀሪካን ውስጥ ይንፎለፎላል። ፋና ተራዋ ሲደርስ ቀዳች፣ ጀሪካኑን አዘለች፣ ሄደች። ደረቷን ከመስከረም ወዲህ እንዲያ ቀለል ብሏት አያውቅም።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ደርሶ ነበር።

«አሰደብሽኝ!» አለች እናቷ። «አሁኑኑ ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያቸው።»

«ድምፄን ከፍ ስላደረግኩ እጠይቃለሁ። ስለተናገርኩት አልጠይቅም።» ፋና ጀሪካኑን አወረደች። «እማ፣ ሰብሌ ዋሻው ድረስ እንሩጥ ብላ ነበር። ዛፉ ሥር ያስገባኋት እኔ ነኝ። ደብተሬ እንዳይበሰብስ ብዬ።»

አሰለች እጇን አፏ ላይ ጫነች። በሩን መለስ አድርጋ ዘጋችው፤ ከዚያ የልጇን ሁለት ትከሻ ያዘች።

«ሆዴ፣ ይኼን ማን ሰምቷል?»

«ማንም።»

«ማንም አይስማ! በቃ፣ ለእኔ ነገርሽኝ፣ እዚህ ይቅር። ሰው ምን እንደሚልሽ ታውቂያለሽ? ስለ ሰብሌ ያሉትን በአንቺ ያዞሩታል። የባንችይርጋስ ልብ? ልጄን የገደለቻት እሷ ናት ብትልሽስ?»

«ሊሉ ይችላሉ።»

«ታዲያ!»

«ልጄ ተቀጣች ከሚሉ እሱ ይሻላል።»

ሐሙስ ዕለት ይኼንኑ ለሲስተር የሻረግ ነገረቻት፤ የመስከረሙን ቀን ከዳር እስከ ዳር፣ ሳትጠየቅ። ነርሷ እስክትጨርስ ሰማቻት።

«ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?»

«ያን እኔ ልነግርሽ አልችልም። አንቺ ግን ምን ሊገጥምሽ እንደሚችል አስበሻል?»

«ሊያባርሩኝ ይችላሉ።»

«ቢያባርሩሽስ?»

ፋና አሰበች። «ይከፋኛል። አልቅሼ እመለሳለሁ። ጥፋቱ ግን የእኔ አይሆንም። የሰብሌም አይሆንም።»

ከጤና ጣቢያ ወጥታ በገዳሙ መንገድ ቁልቁል ወረደች። የእትዬ ባንችይርጋ ቤት ከመንደሩ ዳር ነው። ሴትዮዋ ክረምቱ ሳይገባ የኋላውን ግድግዳ ይመርጋሉ፤ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ከእግራቸው ሥር፣ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ጭቃ።

«ፋናዬ! ነዪ፣ አልስምሽም፣ ቆሽሻለሁ።»

«እትዬ፣ ስለ ሰብሌ ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

እጃቸው ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ቀረ።

ፋና ቆማ ተናገረች። ዝናቡን፣ ሰብሌ ያለቻትን፣ እሷ የመለሰችላትን። እጇን እንዴት እንደያዘቻት። ድምጿ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ ሁለት ጊዜ ቀጠለች። ሰበብ አልጨመረችም፣ ይቅርታም አስቀድማ አልለመነችም። ሰብሌ ጾም እንዳልገደፈች፣ ቀይ ሹራብ መብረቅ እንደማይጠራ ስትናገር ግን ቀና ብላ ነበር።

እትዬ ባንችይርጋ አልዞሩም። ጀርባቸው ብቻ ይታያል፤ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ሂጂ» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬ ሂጂልኝ፣ ልጄ።»

ፋና እስከ አጥሩ ድረስ ሄደች። እጇን የአጥሩ መዝጊያ ላይ አድርጋ ቆመች። ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ ባዶ ነበር። ዞር ስትል እትዬ ባንችይርጋ ለጭቃው ጎንበስ አሉ፣ ወገባቸውን ያዙ፣ ቀና አሉ፣ እንደገና ጎንበስ አሉ።

ተመለሰች። እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ጭቃውን በሁለት እጇ ጠፍጥፋ አነሣችና ዘረጋችላቸው።

እትዬ ባንችይርጋ አዩዋት። «ሂጂ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል።»

እጇ ተዘርግቶ ቆየ። ጭቃው በጣቶቿ መሐል ይንጠባጠባል። ሴትዮዋ ተቀበሏትና ግድግዳው ላይ አሳረፉት፤ በመዳፋቸው ደለደሉት። ፋና ሁለተኛውን አቀበለች፤ ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ እትዬ ባንችይርጋ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ ጠየቁ፤

«ፈርታ ነበር?»

«አይ። እየሳቀች ነበር።»

«ምን እያለች?»

ፋና ወደ ጭቃው ጎንበስ አለች። የሚመረገው ግድግዳ ገና ግማሹም አልደረሰም።

«ከትምህርት ቤት ከወጣንበት ልጀምርልዎ» አለች።